እጁ የለበትም

ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስምንት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ቢሮ ያልኩት ለወጉ ነው። እዚህ ጅማ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ ያለች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ለባለጉዳይ ሁለት ባለ ሦስት እግር በርጩማ የምትይዝ ክፍል ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ሰነድ እተረጉማለሁ፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ባለጉዳዩንም መንገደኛውንም አስጠልላለሁ። ጅማ ላይ ይህ ሦስተኛው ሥራ ከሁለቱ አያንስም።

ተማሪውን "ነገ ማታ ና፤ ያልቃል" አልኩት። በማግስቱ ማታ ሲመጣ ግን ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። ጽሑፉ ስለ ፍትሕ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ቢረዝሙም አያስቸግሩም። ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው፤ ኢኖሰንስ። መጀመሪያ የመጣው ስለ አንድ ተከሳሽ ሲያወራ ነበር፤ "ነጻ" ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ስለ ሕፃን ልጅ አነሣ፤ "የዋህነት" አልኩ። ወረድ ብሎ በጦርነት ስለሞቱ ሰዎች መጣ፤ "ንጹሐን" አልኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ አንዲት የገጠር ልጅ ሲያወራ "ኢኖሰንሷን አጣች" ይላል። እዚያ ላይ እጄን ከኮምፒውተሩ አነሣሁ። ክብሯን ነው? ድንግልናዋን ነው? የዋህነቷን ነው? ወይስ ዓለም ምን እንደምትመስል አወቀች ለማለት ነው? እንግሊዝኛው አይለይም። ምናልባት ጸሐፊው ሁሉንም ባንድ ጊዜ አስቦ ይሆናል፤ ቃሉ ይፈቅድለታላ።

ተማሪው ያለቁትን ገጾች አገላብጦ አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ጋሼ፣ እንግሊዝኛው እኮ አንድ ቃል ነው። እርስዎ ሦስት አደረጉት። መምህሬ ይቆጣኛል።"

"አማርኛን ይቆጣው በለው" አልኩት። ቀልዴ አልጣመውም። ቀሪውን ለሌላ ቀን ቀጥሬ ሸኘሁት፤ ቃሉ ግን እኔ ዘንድ ከረመ።

እንግሊዝኛ ይህን ቃል ያገኘው ከላቲን ነው። ሥሩ "መጉዳት" የሚል ግሥ ሲሆን ከፊቱ አፍራሽ ፊደል ገብቶበት "የማይጎዳ" የሚል ትርጉም ይሰጣል። እንግዲህ ቃሉ ሲወለድ ስለ ሰውዬው የሚለው ያላደረገውን ብቻ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው አይልም፣ ልቡ እንዲህ ነው አይልም። የእኛ "ንጹሕ" ግን የመጣው ከመታጠቢያው ጎን ነው። ከግእዙ ነጽሐ ይወለዳል፤ ልብስም ውኃም ወለልም ሕሊናም በእሱ ይጠራሉ። "ነጻ" የሚለውም የዚያው ቤተሰብ ነው። በወንጌል ለምጻሙ ሰው "ልታነጻኝ ትችላለህ" ብሎ ሲለምን ነጻነት የሚጠይቅ ይመስላል፤ የሚጠይቀው ግን ገላው እንዲጠራለት ነው። ዛሬ ስለ አገርና ስለ ፕሬስ የምንናገርበት ቃል አንድ ጊዜ የቆዳ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ፍርድ ቤት "ነጻ ነህ" የተባለ ሰው ለምን በሩ ላይ ቆሞ ልብሱን እንደሚያራግፍ የገባኝ ይመስለኛል። አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ያራግፋሉ።

ንጹሕ የሚለው ቃል ብዙ ይጠይቃል። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከቡና ነው። እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። መጋዘኑ ውስጥ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ፊታቸው የፈሰሰውን ቡና በጣታቸው እየገፉ ጥቁሩን፣ ሰባራውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ጠጠሩን ይለያሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። የሌባ ጣቷ ጫፍ እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር፤ ስትዳብሰኝ ይቧጭረኛል። ማታ ተቆጣጣሪው ይመጣና አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል። "ንጹሕ ነው" ካለ ይመዘናል፤ ካላለ እንደገና ይለቀማል። አንድ ቀን እዚያ መዳፍ ላይ ጥቁር ፍሬ አየሁና "እማዬ፣ ይኸው ጥቁር!" ብዬ ጮኽኩ። በክርኗ ጎሸመችኝ። ሰውዬው ሳቀና "ይህማ ይኖራል" አለ። ለካ ቡና ንጹሕ የሚባለው እንከኑ ተቆጥሮ ከተፈቀደው ካላለፈ ነው። የጅማ ቡና በውጭ ገበያ ለረጅም ዘመን የታወቀው "ጅማ አምስት" በሚል ስም ነው፤ አምስት ደረጃው ነው። አምስተኛ ነህ ተብሎ ያፈረ ቡና የለም፤ ተጭኖ ሄደ፣ ተቆላ፣ ተጠጣ። ሰው ላይ ስንደርስ ግን ደረጃ አናውቅም። ወይ ንጹሕ ነው ወይ ቆሻሻ።

በፍርድ ቤቱ አጥር ዙሪያ የማየው ይህንኑ ነው። ልጁ ተይዞበት የመጣ አባት የመጀመሪያ ቃሉ "ልጄ እኮ ንጹሕ ነው" የሚል ነው። ከዚያ ወንበር ይስባል፤ የልጁን ጠባይ ከጥምቀቱ ጀምሮ ይተርካል። እኔ ደግሞ ማመልከቻው ላይ "ድርጊቱን አልፈጸመም" ብዬ ስጽፍ ያኮርፋል። ያነሰበት ይመስለዋል። "ምነው ንጹሕ ነው ብለህ ብትጽፍልኝ?" ይለኛል። አንድ ነጋዴ ሰውዬ ትዝ ይለኛል፤ ልጁ ከወራት ክርክር በኋላ ተፈታለትና ውሳኔውን እንዳነብለት ይዞልኝ መጣ። "ተከሳሹ በነጻ ተሰናብቷል" ብዬ ሳነብለት ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ አየው። "በነጻ? ሦስት በሬ ሸጬ ነው እንጂ የምን በነጻ!" አለ። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን እያነሡ ይስቃሉ። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ሰውዬው ቃሉን ከኛ በተሻለ ያነበበ ይመስለኛል።

ስለዚህ ነው ሕገ መንግሥቱን ሳነብ አንድ ሐረግ ላይ ሁልጊዜ የምቆመው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ስለ ተከሰሱ ሰዎች ይናገራል። የእንግሊዝኛው ቅጂ በሕግ ጥፋተኛ መሆናቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ኢኖሰንት ሆነው የመገመት መብት አላቸው ይላል፤ ዓለም በሙሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አማርኛው ግን "እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር" ብሎ ያልፋል። ንጹሕ የሚል ቃል አልገባበትም፤ የዋህም የሚል የለም። አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎች "ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት" እያሉ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ከእንግሊዝኛው መልሰው ማምጣታቸው ነው። ነገር ግን አንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ሰነድ ነው ስለሚል የሚገዛን "ያለመቆጠር" ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ትርጉሙ የጎደለ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ያን ሐረግ ያረቀቀውን ሰው ባገኘው አንድ ሲኒ ቡና እጋብዘዋለሁ። ተከሳሹን ታጠብ አላለውም። እኛን ነው የከለከለን፤ አትቁጠሩ ብሎ። ቆጣሪው እጁን ይሰብስብ፣ ሰውዬው የፈለገውን ዓይነት ሰው ይሁን።

ነገሩ ከፍርድ ቤት አጥር ውጭም ያስፈልገን ነበር። በዜና በየቀኑ "ንጹሐን ዜጎች ተገደሉ" ይባላል። እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ተርጉሜዋለሁ። መሣሪያ ያልያዘውን፣ ቤቱ የተቀመጠውን፣ ገበያ የወጣውን ለማለት ነው። ታዲያ ቃሉ የማይፈልገውን በር ይከፍታል። "እውነት ንጹሕ ነበር? ለእነ እንትና ስንቅ አቀብሎ የለ?" የሚል ሰው ወዲያው ይነሣል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ይነሣል። ሟቹ ከሞተ በኋላ የጠባይ ምርመራ ይጀመርበታል። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሰላማዊ ሰዎችን ሲጠብቅ ጠባያቸውን አይጠይቅም፤ በውጊያው አለመሳተፋቸው ይበቃዋል። በ1977 የወጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ሰውዬው ተዋጊ ይሁን ሰላማዊ አጠራጣሪ ከሆነ ሰላማዊ ነው ብላችሁ ውሰዱት ይላል። ገበያ ላይ የሞተው ሰው ሚስቱን የሚደበድብ፣ ብድር የማይመልስ፣ ክፉ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አይገደልም። እኔ እንደ ተርጓሚ ሥልጣን ቢኖረኝ "ንጹሐን" የሚለውን ከእንዲህ ያለው ዜና አውጥቼ "ሰላማዊ ሰዎች" በሚለው ብቻ አስቀር ነበር። ሥልጣን የለኝም፤ ማኅተም ብቻ ነው ያለኝ።

አሁን ወደ "የዋህ" ልሂድ፤ ይህ የከፋው ነው።

የዋህ በመጽሐፍ ትልቅ ቃል ነው። "እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ" ተብሎ ታዝዟል፤ ምድርን ይወርሳሉ የተባሉትም የዋሆች ናቸው። መንገድ ላይ ሲወርድ ግን ዋጋው ይረክሳል። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲሄዱ "ልጁ የዋህ ነው" ካሉ የልጅቱ አባት ድምፁን ያዳምጣል፤ "የዋህ" ላይ ትንሽ ከዘገዩ ጅል ነው ማለታቸው ነው። ዘመዶቹም እንደዚያው ናቸው። ገር፣ ገራም፣ ገራገር። ገራም መጀመሪያ የከብት ነው፤ የማትራገጥ ላም፣ ሕፃን የሚጋልበው በቅሎ። ተገርቶ የሚሉትም ከዚያው በረት ነው። አንዱን ሰው ገራገር ስንለው ማሞገሳችን ነው፤ ግን ማን ሊጋልበው እንደሚችልም መጠቆማችን ነው። "ምስኪን" ደግሞ በጥንት ትርጉሙ ድኻ ማለት ነበር፤ እኛ ዘንድ ምንም የማያውቅ፣ ማንንም የማይነካ ሰው ሆነ። ድኽነትንና ክፉ አለማድረግን አንድ ላይ መስፋታችን ያስገርመኛል፤ ሀብታም ምስኪን ሰምቼ አላውቅም።

አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ቢሮዬ መጥተው "ሐርኪ ኮ ቁልቁሉዳ" ሲሉኝ፣ እጄ ንጹሕ ነው ማለታቸው ነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ አየዋለሁ። ቁልቁሉ ንጹሕም ቅዱስም ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም የሚጠሩት በእሱ ነው። ይህን ወደ አማርኛ ሳመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስሳል። እንግዲህ ከአማርኛው ጋር ብቻ አይደለም የምጣላው።

አማርኛ ግን አንድ ነገር አለው፣ ሌላ የትም ያላገኘሁት። "ነፍስ ማወቅ" ይላል። ሕፃን ነፍስ አላወቀም፤ አንድ ቀን ያውቃል። ነፍስ ሳላውቅ አባቴ ሞተ፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ይህን ቤት አውቀዋለሁ። ቀኑ የማይታወቅ፣ ልደቱ የማይከበር፣ ግን ሁሉም ሰው አልፎበታል ብለን የምንስማማበት በር ነው። ለተማሪው በመጨረሻ "ኢኖሰንሷን አጣች" የሚለውን "ነፍስ አወቀች" ብዬ ጻፍኩለት። እንግሊዝኛው ኪሳራ ያደረገውን አማርኛው ትርፍ አደረገው። መምህሩ ምን እንዳለ ልጁ ተመልሶ አልነገረኝም።

እኔ ነፍስ ያወቅሁበትን ቀን ግን አውቀዋለሁ።

ከአዌቱ ወንዝ ማዶ አምስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቲቱን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጓዳቸው ውስጥ አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ ነበር፤ ከጌራ የመጣ ማር። ለእንግዳና ለበሽተኛ እንጂ ለማንም አይከፈትም። ከእነ ሰፈፉ ነበር፤ ሽታው እስከ ደጅ ይወጣል። እትዬ ለቅሶ በሄዱበት ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ደጅ ቆሞ ጠበቀልኝ፤ እኔ ገባሁ። ጨርቁን ፈትቼ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩት። ማንኪያ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አላየሁትም ማለት አልችልም። በእጅ መሆኑ ነበር የፈለግሁት። ሰፈፉ በጥርሴ መሐል ሲሰበር፣ ከክርኔ ወደ ታች ሲንጠባጠብ፣ በሸሚዜ ስጠርገው ዛሬም ይሰማኛል።

ማታ እትዬ ማሰሮውን ይዘው ግቢው መሐል ቆሙ። የጎደለው ብዙ አልነበረም፤ ግን ጨርቁ በሌላ ቋጠሮ ታስሯል። ሁላችንም ተጠራን። እትዬ ዓይን ዓይኔን እያዩ "አንተ ነህ?" አሉኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ተናገረች።

"የእኔ ልጅ? ምኑን ነፍስ አወቀና! የዋህ ነው እትዬ፤ እንኳን ሊሰርቅ የሰጡትንም አይበላ።"

የግቢው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ አሥር ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖኝ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከእሱ በፊት የነበረውም የ1949ኙ፣ ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም ይላሉ። እንግዲህ በሕጉ ሒሳብ እንኳ አልፌ ነበር። እናቴ ግን የዋህ ብላ መለሰችኝ፤ ምን ያህል እንዳዋረደኝ ሳታውቅ። ያንን ማር እጁን ከትቶ የበላ ጀግና ነበርኩ እኮ፤ ባንድ ቃል ገራም በቅሎ ሆንኩ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴም የዋህነቴን አረጋገጠ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ሠራተኛዋ ልጅ ዞሩ። ከገጠር ከመጣች መንፈቅ ያልሞላት፣ ከእኔ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ መጥረጊያ አለ። ስለ እሷ ነፍስ አላወቀችም ያለ ሰው አልነበረም። እናቷ እዚያ የለችማ። እትዬ አልጮኹባትም፤ "በቃ፣ ዕቃሽን ያዢ" ብቻ አሉ። እሷም አላለቀሰችም፣ አልማለችም፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንዳይወድቅ ደግሞ አስተካክላ ገባች። ሲነጋ ወደ መናኸሪያ ወሰዷት አሉ፤ እኔ ስነሣ የለችም።

ከመንጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሌሊት እጄን እየበላኝ ነቃሁ። ጉንዳን። ከበሩ ሥር ተነሥተው፣ በመሬቱ አቋርጠው፣ በአልጋው እግር ወጥተው ወደ ሸሚዜ እጅጌ በአንድ መስመር ይጓዛሉ። እናቴ ኩራዝ ለኩሳ ቆማ ነበር። መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው፤ እኔ ጋ ደረሰ። ምንም አላለችኝም። ሸሚዜን አወለቀችልኝ፤ ወደ ደጅ ይዛው ወጣች። በጨለማ ውስጥ ውኃ ሲቀዳ፣ ጨርቅ ሲታሽ ሰማሁ። ልጅቱ ገና እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች፤ እናቴ በሩን አልፋ መሄድ፣ ማንኳኳት ትችል ነበር። እኔም እችል ነበር።

ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ይህን አላነሣችም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ። በስቅለት ቀን ጲላጦስ ውኃ አስመጥቶ "ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ" እያለ እጁን የታጠበበት ሲነበብ ሌሎቹ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ እሷ ግን ዝም ትላለች። አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በጲላጦስ ላይ አንድ መጥፎ ቃል ተናገርኩ። "ተው፤ ፈርቶ ነው" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ጲላጦስን ከቅዱሳን እንደምትቆጥረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሌላው ዓለም ሲሰማ ይደነግጣል። እኛ ግን ከታሪኩ አንዲቷን ዐረፍተ ነገር ወስደን የዕለት መሣሪያ አደረግናት። ሥራው የተበላሸበት ኃላፊ፣ ብድሩ የጠፋበት ዋስ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት መሐል የገባ ጎረቤት፣ ሁሉም "እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ" ይላል። ከልቡ አምኖ የሚለው ሰው እምብዛም አይቼ አላውቅም። የማያውቅ ሰው የሚለው "ምንድን ነው የሆነው?" ነው።

ለዚህ ነው እኔ ከቃላቱ ሁሉ "እጁ የለበትም" የሚለውን የምመርጠው። ትንሽ ነው፤ አያሞግስም፣ አያጥብም፤ ያች እጅ እዚያ ማሰሮ ውስጥ አልነበረችም ይላል፣ አበቃ። ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ንጹሕ መሆን ግን ማን ያጣራዋል?

ያን ተማሪ በሸኘሁበት ሳምንት አንዲት ልጅ ከሊሙ በኩል መጣች። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ነው። አብሯት የመጣው ሰውዬ ደጅ ቆሞ ስልክ ያወራል፤ አጎቷ ይሁን ደላላ አልጠየቅሁም። የያዘችው ሁለት ወረቀት ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀትና "ከወንጀል ነጻ" የምንለው ማስረጃ። ይህን ወረቀት በዓመት ብዙ እተረጉማለሁ። በአገራችን ንጽሕና በጽሑፍ የሚሰጠው እዚህ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱንም ለማግኘት መጀመሪያ አሥር ጣትህን ቀለም ይነክሩታል። ልጅቷ አሻራ ከሰጠች ቀናት ቢሆንም ጥቁሩ ጥፍሯ ሥር አለ። ወረቀቱን እንዳታቆሽሽብኝ በጣቶቿ ጎን ይዛ ነበር ያቀበለችኝ።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እግሯ መሬት ይደርሳል፤ ግን እንደ ልጅ ታወዛውዘዋለች። ማስረጃውን መጀመሪያ ጨረስኩ፤ ምንም የወንጀል ሪከርድ አልተገኘባትም ይላል። ቀጥሎ የልደቱን ያዝኩ። በወረቀቱ ሒሳብ 22 ዓመቷ ነው። ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ የሚጠይቀው 18 መሙላት ነው። ቀና ብዬ አየኋት። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥር የሚወጣውን አረንጓዴ ብርሃን እየተከተለች ትስቃለች።

"እናቴ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?" አልኳት በአፋን ኦሮሞ።

ሳቋ ቆመ። እግሯም ቆመ። ወደ ደጅ አየች፤ ከዚያ ወደ እጄ።

"ጋሼ፣ እዚያ ላይ የተጻፈው ነው" አለች።

ከትርጉሙ ግርጌ ሁልጊዜ የምጽፈውን መስመር ጻፍኩ፤ ትርጉሙ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚለውን። ፈረምኩ። ማኅተሙን አነሣሁ፤ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር መጀመሪያ ግማሹ ብቻ ወጣ። እንደገና ቀለም ነክሬ፣ አስረግጬ መታሁት።